የፋብሪካው አተላና የጋይንት አተላ

ጋይንትና አሳማ! እነዚህን ሁለት ቃላት አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የጨመረ ሰው ወይ አገሩን አያውቅም፣ ወይ ሊያስቀን ፈልጓል ብትሉ አንፈርድባችሁም። ከጉና ተራራ ተነስታችሁ ላይ ጋይንትን፣ ታች ጋይንትን፣ ስማዳንና እስቴን አዳርሳችሁ እስከ በሽሎና ዓባይ ሸለቆ ብትወርዱ፣ በግቢው አሳማ የሚያረባ ገበሬ ማግኘት የማይታሰብ ነው። የቆላው ሰው የሚያውቀው አሳማ ቢኖር ሌሊት እየመጣ ማሳውን የሚገለብጥበትን ከርከሮ ነው። ትውውቃቸውም በወንጭፍ ነው።

ግን ታገሡን። ዛሬ የምናወራው ስለ አሳማ ግልገል ነው፤ የምንጨርሰው ግን በጋይንት ጥጃ ነው። የዛሬ ሰባ አምስት ዓመት ገደማ በአሜሪካ የአሳማ ገንዳ ውስጥ የገባው መድኃኒትና ዛሬ በገጠር ገበያ ከሳሙናና ከባትሪ ድንጋይ ጎን ተደርድሮ የሚሸጠው ብልቃጥ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። የአንዱን ታሪክ ያላወቀ የሌላውን አደጋ አያየውም።

አተላው ሲመነዘር

ነገሩ የሚጀምረው ከኒውዮርክ ከተማ ብዙም በማይርቀው ፐርል ሪቨር በሚባል ቦታ በነበረው የሌደርሊ መድኃኒት ፋብሪካ ነው። ጊዜው እ.ኤ.አ. 1948 ነው። ፋብሪካው ኦሪዮማይሲን የሚባል አዲስ አንቲባዮቲክ ያመርታል። አሠራሩ ለእኛ ሰው እንግዳ አይደለም። ከአፈር የተገኘ ደቂቅ ተህዋስ በትልልቅ በርሜል ውስጥ እየተመገበ ይጠነሰሳል፣ ይብላላል፤ ሲደርስ መድኃኒቱ ተጣርቶ ይወጣል። ከበርሜሉ ሥር የሚቀረው ዝቃጭ ደግሞ ይደፋል። ጠላ ጠምቆ ለሚያውቅ ሰው ይኼ ዝቃጭ ስም አለው፤ አተላ ይባላል።

በዚያ ፋብሪካ ቶማስ ጁክስ የሚባል የሥነ ምግብ ተመራማሪ ነበር። የሚፈልገው መድኃኒት አልነበረም። የዶሮ ጫጩቶች የእህል መኖ ብቻ ሲበሉ አያድጉም፤ እንዲያድጉ ቫይታሚን ቢ 12 ያስፈልጋቸዋል። ቫይታሚኑ የሚገኝበት ጉበት ደግሞ ውድ ነው። ጁክስ ከባልደረባው ከሮበርት ስቶክስታድ ጋር ሆኖ ያንን የሚደፋ አተላ ለጫጩቶች ሰጠ። ጫጩቶቹ ጉበት ከተሰጣቸው እኩዮቻቸው እንኳ በልጠው አደጉ። በኋላ ሲመረመር የበለጡት በቫይታሚኑ ብቻ አልነበረም። በአተላው ውስጥ ሳይጣራ የቀረ ጥቂት አንቲባዮቲክ ነበረበት።

ግኝቱ እ.ኤ.አ. በ1950 ይፋ ሆነ። በዓመቱ የአሜሪካ መንግሥት አንቲባዮቲክ ለዕድገት ሲባል መኖ ላይ እንዲጨመር ፈቀደ። ፋብሪካው የሚደፋውን አተላ ወደ ገንዘብ መነዘረ፤ ገበሬውም ከብቱን በአነስተኛ መኖ ቶሎ ማሳደግ ቻለ። ማን ይጠላል?

ከሁሉም በላይ የተጠቀመበት አሳማ አርቢው ነው። የአሳማ ግልገል በተፈጥሮው ጡት የሚተወው ቀስ በቀስ፣ በሦስትና በአራት ወሩ ነው። ዘመናዊው እርሻ ግን እናቲቱ ቶሎ እንድታረግዝ ብሎ በሦስትና በአራት ሳምንቱ ይነጥለዋል። በአንድ ቀን ከእናቱ ይለያል፣ ከማያውቃቸው ግልገሎች ጋር ይቀላቀላል፣ ወተቱ ቀርቶ ደረቅ እህል ይቀርብለታል። ጨጓራው ገና እህሉን የሚፈጭ፣ ተህዋሱንም የሚገድል በቂ አሲድ አያመነጭም። ስለዚህ ተቅማጥ ይይዘዋል፤ ይከሳል፣ ብዙውም ይሞታል። መፍትሔው ሁለት ነበር፤ አንድም ግልገሉን እናቱ ጋር ማቆየት፣ ቤቱን ማጽዳትና ማስፋት፣ ወይም መኖው ላይ መድኃኒት መነስነስ። ሁለተኛው ረከሰ። ዓለምም የረከሰውን መረጠ።

ተህዋሱም ትምህርት ቤት ገባ

ይህ መዘዝ እንደሚያመጣ ያስጠነቀቀ አልነበረም እንዳትሉ። ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1945 የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል፣ መድኃኒቱን በትንሽ በትንሹ መውሰድ ተህዋሱን ሳይገድል እንደሚያለማምደው ተናግሮ ነበር። መኖ ላይ የሚነሰነሰው መድኃኒት ደግሞ በትክክል ያ ነው፤ በትንሽ በትንሹ፣ በየቀኑ፣ ለወራት።

እ.ኤ.አ. በ1959 የጃፓን ተመራማሪዎች የባሰ ነገር አሳዩ። መድኃኒት የተለማመደ ባክቴሪያ የመቋቋም ችሎታውን ለልጆቹ ብቻ አያወርስም፤ ዘመዱ ላልሆነ ሌላ ባክቴሪያም ያቀብላል። የፈተና መልስ ከጎኑ ለተቀመጠው እንደሚያቀብል ተማሪ ማለት ነው። ስለዚህ በአሳማ አንጀት ውስጥ የተማረው ምንም ጉዳት የማያደርስ ባክቴሪያ ትምህርቱን ሰው ለሚገድለው ሊያስተላልፍ ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ1969 የእንግሊዝ መንግሥት ያቋቋመው የስዋን ኮሚቴ ሰው የሚታከምበት አንቲባዮቲክ ለከብት ማሳደጊያ እንዳይውል መከረ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ስቱዋርት ሌቪ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ቦስተን አቅራቢያ ባለ እርሻ ለዶሮዎች ቴትራሳይክሊን የተቀላቀለበት መኖ አበላና ጠበቀ። በጥቂት ወራት ውስጥ መድኃኒቱን አንድም ቀን ያልቀመሱት የእርሻው ቤተሰቦች አንጀት ውስጥ መድኃኒቱን የተለማመደ ባክቴሪያ ተገኘ።

ከዚያ በኋላ አገሮች በየተራ ነቁ። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1986 ለዕድገት የሚሰጠውን አንቲባዮቲክ ከለከለች። ዴንማርክ በ1990ዎቹ ተከተለች። የአውሮፓ ኅብረት ከጃንዋሪ 1 ቀን 2006 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ አገደ። ጨዋታውን የጀመረችው አሜሪካ ለሰው ሕክምና የሚያገለግሉትን አንቲባዮቲኮች ለዕድገት መጠቀምን ያስቆመችው በ2017 ነው። ቻይና በ2020 ተከተለች። የቻይናን እጅ ያጠናከረው አንድ አስደንጋጭ ዜና ነበር። ኮሊስቲን ሌላው ሁሉ እምቢ ሲል ሐኪሞች የሚያወጡት የመጨረሻ መድኃኒት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ቻይና ውስጥ በአሳማዎች ላይ ኮሊስቲንን የሚቋቋምና ከባክቴሪያ ወደ ባክቴሪያ የሚተላለፍ ዘረመል መገኘቱ ታወቀ። ኮሊስቲኑ በቶን እየተለካ ለአሳማ ሲበላ ነበርና!

ምትክ ፍለጋ

መድኃኒቱ ከገንዳው ሲወጣ የግልገሉ ተቅማጥ አብሮ አልወጣም። እንግዲያው ምን እንጨምርለት ተባለ። የመጀመሪያው ብልሃት ዚንክ ኦክሳይድ ነበር። በአንድ ኪሎ መኖ እስከ 2.5 ግራም እየተደረገ ጡት ከጣለ በኋላ ለሁለት ሳምንት ይሰጠዋል፤ ተቅማጡም ቀጥ ይላል። ነገር ግን ብረቱ ከእበቱ ጋር ወጥቶ አፈር ላይ ይከማቻል፤ ይባስ ብሎ መድኃኒት የሚቋቋሙ ባክቴሪያዎችን ይመርጣል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በጁን 2022 ይኼንንም አስቆመ።

የቀሩትን ምትኮች ዝርዝር ስናይ ግን እኛ ፈገግ አልን። አንደኛ አሲድ፤ የላክቲክ፣ የሲትሪክና የፎርሚክ አሲድ መኖው ላይ ይጨመራል፤ የግልገሉን ደካማ ጨጓራ ያግዛል። ሁለተኛ እርሾ፤ በሕይወት ያለውም፣ ቅርፊቱም። የእርሾ ቅርፊት አንዳንድ ጎጂ ባክቴሪያዎች ከአንጀት ግድግዳ ይልቅ እሱ ላይ እንዲጣበቁ በማድረግ ጠርጎ ያወጣቸዋል። ሦስተኛ እርጎን እርጎ የሚያደርጉት ጠቃሚ ባክቴሪያዎች። አራተኛ የተክል ቅመም፤ ነጭ ሽንኩርት፣ እንዲሁም ታይሞልና ካርቫክሮል የሚባሉ ዘይቶች ያሏቸው ቅጠሎች። እነዚህን ሁለት ዘይቶች የያዘ አንድ ተክል በኢትዮጵያ ደጋ ይበቅላል፤ ሻይ ውስጥ ጨምረን የምንጠጣው ጦስኝ ነው።

አሲድ፣ እርሾ፣ የተብላላ እህል፣ ቅጠል። አንድ የጋይንት እናት ለበዓል የጠመቀችው ጠላ ተቀድቶ ሲያልቅ ጋኑ ሥር የሚቀረው ምንድን ነው? የተብላላ ገብስ፣ እርሾ፣ አሲድና የጌሾ ቅጠል! ላሟና በሬው አተላውን ሲያዩ ገመድ የሚበጥሱት በከንቱ አይደለም። የፋብሪካው አተላ ታዋቂ የሆነው መድኃኒት ተደብቆበት ስለነበር ነው። መድኃኒቱ ሲታገድ ዓለም የፈለገው ደግሞ የቤት አተላ ውስጥ ያለውን ዓይነት ነገር ነው።

እዚህ ላይ ግን ቆም እንበል። «አባቶቻችን ቀድመው ያውቁት ነበር» ብሎ ማጨብጨብ ቀላል ነው፤ ብዙ የታሪክ ጽሑፍም የሚበላሸው እዚች ጋ ነው። አተላ ለከብት ጥሩ መኖ መሆኑን እናውቃለን። አተላ በሽታን ይመክታል ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። በአውሮፓም ቢሆን ከተዘረዘሩት ምትኮች አንዱም ብቻውን የአንቲባዮቲክን ቦታ አልተካም። ዴንማርክን ያዳናት የመኖ ቅመም ብቻ አይደለም። የጠራ ቤት፣ ክትባት፣ የእያንዳንዱን እርሻ የመድኃኒት ፍጆታ መዝግቦ መያዝ፣ ከመጠን ያለፈውን መቆጣጠር ነው። መጀመሪያ ላይ የግልገሉ ተቅማጥ ጨምሮ ለሕክምና የሚውለውም መድኃኒት ጨምሮባቸው ነበር። ውሎ አድሮ ግን እ.ኤ.አ. ከ1992 እስከ 2008 ባለው ጊዜ ለአንድ ኪሎ አሳማ የሚውለው አንቲባዮቲክ በግማሽ ቀነሰ፤ የአሳማው ቁጥር ደግሞ ከ18 ሚሊዮን ወደ 27 ሚሊዮን አደገ። ኖርዌይም በዓሣ እርባታዋ የምትጠቀመውን አንቲባዮቲክ 99 በመቶ ገደማ የቀነሰችው ዓሦቿን በመክተብ ነው።

ደስታ የተባለው ሐዘን

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ለእኛ ለከተሜዎቹ በሬ ማለት የፋሲካ ቅርጫ ነው። ለስማዳ ገበሬ ግን እርሻው ነው፣ ባንኩ ነው፣ የልጁ የትምህርት ቤት ወጪ ነው። ሁለት በሬ ያለው ያርሳል። አንድ ያለው ከጎረቤቱ ጋር መቀናጆ ገብቶ ተራ ይጠብቃል። አንድም የሌለው መሬቱን ለሌላ ሰጥቶ እኩሌታውን ይቀበላል። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ሴፍቲኔት በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ከታቀፉት ወረዳዎች ውስጥ ናቸው። መሬቱ ተሸርሽሯል፣ ይዞታው ጠቧል። በእንዲህ ያለ ቤት አንድ በሬ ሲሞት የአንድ ዓመት አዝመራ ነው አብሮ የሚሞተው።

በሬ ሁሉ አንድ ላይ ሲሞት ምን እንደሚሆን ደግሞ አገሪቱ አይታዋለች። እ.ኤ.አ. በ1887 ጣሊያኖች ለጦራቸው በምጽዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋር አብሮ ገባ የሚባለው በሽታ ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ ደጋውን ሁሉ አዳረሰው። ከአገሪቱ ከብት ዘጠና በመቶ ያህሉ እንዳለቀ ይገመታል። የሚያርስ በሬ ጠፋ፣ ድርቅና አንበጣ ተጨመረበት፣ ክፉ ቀን ሆነ። ጋይንትና እስቴ የነበሩበት በጌምድር ደግሞ በዚያው ሰሞን ጎንደር በድርቡሾች ተቃጥላበት፣ አፄ ዮሐንስም በ1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ወድቀው መከራው ድርብ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ሰው ያለ በሬ በዶማ እንዲቆፍር አርአያ ለመሆን ራሳቸው ዶማ ይዘው መቆፈራቸው ይነገራል።

የበሽታው ስም በአማርኛ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ደስታ! ሕዝባችን የሚፈራውን በክፉ ስሙ አይጠራም።

ልብ በሉ። በክፉ ቀን ዋዜማ በየቤቱ አተላ ነበር፣ ጨው ነበር፣ ቅጠልና ሥር የሚያውቅ አዋቂ ነበር። አንዱም በሬዎቹን አላተረፈም። ይህን ስንል አዋቂዎቹን ለማቃለል አይደለም፤ ዛሬ በእጃችን ያለው አንቲባዮቲክ ያን ጊዜ ቢኖርም አንድ በሬ አያድንም ነበር። ደስታ በቫይረስ የሚመጣ በሽታ ነው፤ አንቲባዮቲክ ደግሞ ቫይረስን አይነካም።

ታዲያ ደስታን ያሸነፈው ማነው? ክትባት ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ደብረ ዘይት ላይ የተቋቋመው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ፣ ዛሬ ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት የምንለው፣ በዚህ ታሪክ ትልቅ ቦታ አለው። ከየወረዳው የወጡ ክትባት ሰጪዎች የበረዶ ዕቃ ተሸክመው ገደል ለገደል ዞረዋል። የመጨረሻው የደስታ ወረርሽኝ በኢትዮጵያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1995 አፋር ውስጥ ነው። እዚያም ሙቀት የሚችል ክትባት ከራሳቸው ከአርብቶ አደሮቹ ተመልምለው በሠለጠኑ ሰዎች እጅ ተሰጥቶ ጠፋ። በ2008 ኢትዮጵያ ነፃ መሆኗ ታወቀ። በ2011 በሽታው ከምድር ገጽ መጥፋቱ ታወጀ። ከሰው ፈንጣጣ ቀጥሎ የሰው ልጅ ያጠፋው ሁለተኛው በሽታ ነው። የክፉ ቀን ገዳይ የሞተው በእኛም እጅ ነው፤ ይህን የሚያስታውስ ሐውልት ግን አላየንም።

ብልቃጧ

ከደስታ በኋላ የቀሩት አባ ሰንጋ፣ አባ ጎርባ፣ የበግና የፍየል ደስታ መሰል በሽታ ናቸው። ሁሉም ክትባት አላቸው፤ ክትባቱም ደብረ ዘይት ይመረታል። ክትባት ግን ቀድሞ መዘጋጀትን ይጠይቃል፤ ቅዝቃዜው ሳይቋረጥ ወገዳ ወይም አርብ ገበያ፣ ከዚያም አልፎ መኪና የማይደርስበት ቀበሌ መድረስ አለበት። ገበሬውም ጤነኛ ከብቱን ነድቶ መምጣት አለበት። ብልቃጧ ግን ገበያ ላይ አለች። ዋጋዋ ይቀመሳል፤ ሻጩም «ለሁሉም ይሆናል» ይላል።

በብልቃጧ ውስጥ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ኦክሲቴትራሳይክሊን ነው። በአገራችን የእንስሳት ሕክምና እንደሱ የተለመደ አንቲባዮቲክ የለም። የዚያ የፐርል ሪቨሩ ኦሪዮማይሲን የቅርብ ዘመድ ነው። በሐኪም እጅ፣ በትክክለኛ መጠን፣ ለትክክለኛ በሽታ ሲሰጥ ብዙ ከብት ያተርፋል። ችግሩ ሳይመረመር፣ ግማሹ ለበሬ፣ የተረፈው ለጥጃ፣ የተረፈ ተረፉ ደግሞ ለዶሮ ሲሆን ነው። የፍሌሚንግ «ትንሽ በትንሽ» እዚህም ደረሰ ማለት ነው። የአሜሪካው አርቢ ለትርፍ ያደረገውን የእኛ ገበሬ ከጭንቀት ያደርገዋል። ለተህዋሱ ግን ሁለቱም አንድ ናቸው፤ ምክንያት አይጠይቅም።

አዋጅ የለም እንዳይባል አዋጅ ቁጥር 728/2004 የእንስሳት መድኃኒት ያለ ፈቃድ እንዳይሸጥ ይከለክላል። አዋጁ አዲስ አበባ ታትሟል፤ በሬው የሚታመመው ደግሞ ስማዳ ነው። ከጤና ኬላ የግማሽ ቀን መንገድ የሚርቅን ገበሬ «ለምን ከገበያ ገዛህ?» ብሎ መውቀስ ከወንበር ላይ ቀላል ነው።

እኛንም ይመለከተናል። መርፌ የተወጋ በሬ ሥጋው ለምግብ እንዲሆን ሳምንታት፣ የላሟም ወተት ቀናት መጠበቅ አለበት። የማይድን መስሎት ወግቶ በማግሥቱ የሚሸጥ ሰው ካለ ግን በሬው በወረታ ወልድያ መንገድ ተጭኖ የኛው ልኳንዳ ይደርሳል። ሥጋው ባይደርስ የተለማመደው ባክቴሪያ በውኃም፣ በእበትም፣ በእጅም ይደርሳል። አንድ ቀን ልጃችን ሆስፒታል ተኝቶ መርፌው እምቢ ሲል፣ ትምህርቱን የት እንደተማረ ባክቴሪያው አይነግረንም።

ሦስት ሥራ፣ ሦስት ባለቤት

ከአሳማው ታሪክ እኛ የወሰድነው ይህን ነው፤ መኖ ያጠነክራል፣ ክትባት ይከላከላል፣ መድኃኒት ያክማል። አሜሪካኖቹ የተሳሳቱት መድኃኒቱን መኖ ሲያደርጉት ነው። እኛ ደግሞ ብልቃጧን የክትባት ምትክ ስናደርጋት እንሳሳታለን፤ አተላውን መድኃኒት ስናደርገውም እንዲሁ።

የጋይንት ጥጃም ከአሳማው ግልገል ጋር አንድ ዕጣ አለው። ሁለቱም ሲወለዱ በሽታ የሚመክት ነገር በደማቸው ውስጥ የለም፤ የሚያገኙት ከእናታቸው የመጀመሪያ ወተት፣ ከእንገር ነው። እሱም በተወለዱ ሰዓታት ውስጥ ካልጠጡት፣ ቀን ካለፈ አንጀታቸው አያስገባውም። እንገር ደግሞ በአገራችን ተፈልቶ የሚበላ ጣፋጭ ነው። ሕፃናት ድስቱን ከበው ሲጠብቁ ጥጃው ገመዱ ላይ ሆኖ ያያል። ገበያ ላይ ከሚሸጥ ከየትኛውም የመኖ ቅመም ይልቅ ለጥጃው የሚበጀው ይኸው ድስት ውስጥ ያለው ነው፤ ዋጋውም ለአንድ ቀን ቀድሞ ጥጃውን ማጥገብ ብቻ ነው። የተረፈው ለልጆቹ ይበቃል።

አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ብለዋል። ቅጠሉ ጌሾም ይሁን ጦስኝ፣ ከተረቱ ትልቁ ቃል ግን «ሳይቃጠል» የሚለው ነው። ዴንማርክም በብዙ ሚሊዮን አሳማ፣ ኖርዌይም በዓሣዋ የደረሱበት እዚያው ነው። ለስማዳና ለእስቴ የሚያስፈልገው ከውጭ የመጣ ተአምረኛ ዱቄት አይደለም። በጊዜው የደረሰ ክትባት፣ ቅርብ የሆነ የእንስሳት ሐኪም፣ እንገሩን የጠጣ ጥጃ ነው። አተላውም ለበሬው ይሁን፤ ይገባዋል።

ቸር እንሰንብት!